አጮ ማለት ውሃ ነው

መጀመሪያ የከዳኝ ቀይ እስክሪብቶዬ ነው። ጡረታ ወጥቼ ከደብረ ብርሃን ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ካፋ፣ ቦንጋ ከተማ ከተመለስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርሴን በልቼ በረንዳ ላይ እቀመጥና የቆየ ጋዜጣ ዘርግቼ የፊደል ስህተቱን አርማለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ምን ያድርግ? ከጎረቤት ጋር እንዳልጫወት ሁሉም ቃል እየሰበረ ያናድደኛል። ባጃጅ ላይ የሚጻፈው ጥቅስ ሳይቀር ያናድደኛል። ስለዚህ እዚያች በረንዳ ላይ ብቻዬን ከጋዜጣ ጋር ስጣላ እውል ነበር።

የዚያን ዕለት «ሠራተኛ» በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ አገኘሁ። ንጉሡን «ሠ» ከላይ ልጽፍበት ስል እጄ ጭረት ብቻ ጻፈ። ደገምኩት፤ አሁንም ጭረት። ቀለሙ አልቋል ብዬ እስክሪብቶውን አራገፍኩት። ከጣቶቼ ሾልኮ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ብል ጣቶቼ እምቢ አሉ።

ያኔውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብኝ። ይህን የምጽፈው ለዚሁ ነውና ልብ በሉልኝ። እኔ ግን እጄ ደንዝዞ ነው ብዬ ጋደም አልኩ። ባለቤቴ ተዋበች ከገበያ ስትመለስ አፌ ወደ ግራ ተጣሞ አገኘችኝ። የእሷም የእናቷም እውቀት አንድ ነው፤ አፍ ከተጣመመ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቃ ፊቴን አሸችኝ፣ በጋቢ ጠቀለለችኝ፣ ላብ እስኪያሰምጠኝ ተኛሁ። በማግስቱ ስነቃ ቀኝ እግሬ የኔ አልነበረም። ተዋበች ባጃጅ ጠርታ፣ ከሹፌሩ ጋር ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ። አንድ ሙሉ ቀን አባክነን ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን የማውቀው ተዋበች ኋላ ነግራኝ ነው። ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ነበር። ግፊቴን ለካ። ላይኛው ሁለት መቶ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያም ተዋበችን አስቀምጦ፣ «ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ታውኳል። የደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ፈስሶ ግን ያለ ሲቲ ስካን አናውቅም፤ ማሽኑ ደግሞ እዚህ የለም። ረጋ ሲሉ ጅማ እንልካቸዋለን» አላት።

እኔ ይህን ሁሉ ድምፁን እሰማለሁ። ትርጉሙ ግን አይደርሰኝም። ሬዲዮ ጣቢያው ሲሸሽ እንደሚሆነው ነበር። ያ አማርኛ፣ ዕድሜዬን የበላሁበት አማርኛ፣ ጥሎኝ ሄደ።

ውሃ ጠማኝ። ጉሉኮስ ተሰክቶልኛል። አፌ ግን ደርቋል። ውሃ አልኩ። ዝም አሉኝ። ደግሜ አልኩ። ተዋበች ጆሮዋን አስጠጋች። አልቅሳ ዞር አለች። ለምን? ውሃ ብቻ እኮ ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ አልኩ። ነርሷ መጥታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እንደ ሕፃን።

እኔ አጥርቼ የተናገርኩ ነበር የመሰለኝ። ከአፌ ይወጣ የነበረው ግን «አጮ፣ አጮ» ነው። ተዋበች «እጮኛ» ያልኩ መሰላት! ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የድሮ እጮኛውን ይጠራል ብላ አንድ ዓይኗ በሐዘን፣ አንዱ በንዴት አለቀሰ። ዛሬ ስታወራው ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ያኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያቺ ሴት ማን ትሆን እያለች ስትብሰለሰል ነበር።

ሐኪሙ ካርዴ ላይ «ግሎባል አፌዥያ» ብሎ ጻፈ። መናገርም የሰው ንግግር መረዳትም ጠፍቷል ማለት ነው። እንግዲህ እንዳይጨነቁ ብቻ እንርዳቸው አላት። ቃሉን ባልሰማም ፊቷን አየሁ። ሰዎች በእኔ ላይ ተሻግረው ማውራት ጀመሩ። የፈራሁት ሞትን አልነበረም። ሳልሞት ከሰው መሃል መውጣቴን ነው የፈራሁት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን አጠገቤ ወዳለው አልጋ አዲስ በሽተኛ መጣ። የምታስታምመው እህቱ ናት፤ አስካለ ትባላለች፣ ማንኪራ በምትባል ገጠር ቡናና ንብ ያላት ሴት። ቁጭ ብላ ጥቂት አዳመጠችኝና ወደ ተዋበች ዞረች።

«ሰውዬው እኮ ይናገራል። አጮ ማለት ውሃ ነው። ውሃ ስጡኝ ነው የሚለው።»

ተዋበች በሰው ፊት እኔን አንቱ ካላለች የማትጠራኝ ሴት ናት። «ይናገራል» መባሌ መጀመሪያ ከነከናት፤ ነገሩ የገባት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። አስካለ በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ ግራ እጅህን አንሳ አለችኝ፤ አነሳሁ። ዓይንህን ጨፍን አለችኝ፤ ጨፈንኩ። ስምህ ማነው አለችኝ፤ ወልዴ አልኩ። ሐኪሙ ካርዴን አገላብጦ አየና፣ «ቋንቋቸው ጠፍቷል ብዬ ነው የጻፍኩት። ተሳስቻለሁ። የጠፋው የኛ ቋንቋ ነው፤ የሳቸውማ አለ» አለ። አንዳንድ ሰው ላይ በልጅነት የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ እንደሚመለስ ነገራቸው። ውሃውንም ዝም ብለው አልሰጡኝም። ወደ ሳንባ እንዳይገባ ቀጥ አድርገው አስቀመጡኝና በሻይ ማንኪያ ጠብ አደረጉልኝ። ስውጥ ሐኪሙ ጉሮሮዬን አየ። ሁለተኛ ማንኪያ፣ ሦስተኛ። ሐኪሙ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሚስቴ ያፌን መፍቻ ቋንቋ እንዴት አንዲት ቃል አታውቅም ትሉ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው። የተወለድኩት እዚሁ ካፋ ውስጥ፣ በቢታ ገነት በኩል ካለ መንደር ነው። ልጅ ሆኜ በካፋኛ ዘዬዬ ክፍል ውስጥ ሲሳቅብኝ፣ ማንም የማይስቅበት አማርኛ እናገራለሁ ብዬ ማልኩ፤ መሐላዬንም ፈጸምኩ። ደብረ ብርሃን ተዛውሬ ተዋበችን አገባሁ፣ ልጃችን በአማርኛ አደገች፣ ቦንጋ ስንመለስም ገበያው ሁሉ አማርኛ ይችላልና ምን ቸግሮን አልኩ። ከደርግ በኋላ ትምህርት ቤቶች በካፊኖኖ ማስተማር ሲጀምሩማ፣ በዚህ ተምረው የት ሊደርሱ እያልኩ ከማንም በላይ ያላገጥኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ታዲያ ምላሴን ሲወስድብኝ ያላገጥኩበትን ትቶልኝ ሄደ።

ጅማ ስሄድ ሲቲ ስካኑ የደም ሥር መዘጋት መሆኑን አሳየ፤ አስፕሪንና የግፊት ኪኒን ታዘዘልኝ፣ ጨው ተከለከልኩ፣ የቀኝ እጄን ጣቶች ኳስ እያስጨመቅኩ እንዳለማምድ ተነገረኝ። ቤት ከገባን በኋላ አስካለ ማር ይዛ ቦንጋ በወጣች ቁጥር እኛ ዘንድ ሳታርፍ አትሄድም ነበር፤ እኔ በካፊኖኖ የምለውን ለተዋበች፣ ተዋበች በአማርኛ የምትለውን ለእኔ ስታቀብል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በአስተርጓሚ ሲነታረኩ ማየት ለጎረቤት ትልቅ ጨዋታ ሆነ። ቀስ በቀስም ያ እኔ የማልጠጋው ጎረቤት በረንዳዬን ሞላው። አንዱ ኳሱን ያቀብለኛል፣ አንዱ ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ያመላልሰኛል። አማርኛዬም ተመለሰ፤ ግን ተሰባብሮ። «ተዋበች መጣ» እላለሁ፤ ሐኪሙን «አንቺ» ብየዋለሁ። ተማሪ እንዲያ ሲል የምቆጣው እኔ፣ ሰው ሲስቅብኝ አብሬ መሳቅ ለመድኩ።

አንድ ቀን ተዋበች ውስጥ ገብታ እኔና አስካለ ብቻችንን ቀረን። ልጅ ሳለች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣ እንደነበር ነገረችኝ። ገና መምህርነት የጀመርኩ ጊዜ፣ ወደ ሸዋ ሳልዛወር ነው። አላስታወስኳትም። ሽንቷ መጥቶ ልውጣ ብላ በካፊኖኖ ጠየቀችኝ። በአማርኛ ጠይቂ አልኳት። አማርኛ አታውቅም። ደግማ ጠየቀች። አንበረከክኳት። «የከፋ አፍ» ብዬም አሾፍኩባት፤ ካፊኖኖ ማለት የካፋ አፍ ማለት ስለሆነ በቃሉ መጫወቴ ነበር። ልጆቹ ሳቁ። ተንበርክካ እያለች አመለጣት።

«ያኔ ገብቶህ ነበር አይደል?» አለችኝ።

ተዋበችም ሐኪሙም ያልሰሙኝ ቋንቋውን ስለማያውቁ ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር። የተሟላ አማርኛ ቢኖረኝ ኖሮ የዘመኑ ደንብ ነው፣ ለእናንተው ብዬ ነው እያልኩ ምክንያት እደረድር ነበር። በካፊኖኖ የነበረኝ ግን የልጅነት ጥቂት ቃል ነው። ጥቂት ቃል ላለው ሰው መዋሸት አይመቸውም።

«ገብቶኝ ነበር» አልኳት። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት እንዳልተመለሰች ነገረችኝ።

ያመጣችውን ማር ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችና ሰጠችኝ። በመጨረሻ፣ «የልጅ ልጆቼ ማንኪራ በካፊኖኖ ይማራሉ፤ መምህሯ የድሮ ቃል የሚያውቅ ሽማግሌ አጥታለች፤ መራመድ ስትችል መጥተህ ተረት ንገራቸው» አለችኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ካሳዬ ይህ መሆኑ ገብቶኛል።

በዚያች አንዲት ቀጠሮ ምክንያት ነው የዳንኩት ብል አላጋንንም። በፊት ተለማመድ ሲሉኝ የሚሰለቸኝ ሰውዬ፣ ማንኪራ የምደርስበትን እግር ለማግኘት ጠዋትና ማታ ግቢውን እዞር ጀመር፤ ከስድስት ወር በኋላ በከዘራ ተደግፌ፣ ሚኒባስ እስከሚሄድበት ሄጄ፣ ቀሪዋን የእግር መንገድ አስካለ እየቀደመችኝ ተጉዤ ልጆቹ ፊት ተቀመጥኩ። እናቴ ትነግረኝ የነበረ፣ አምሳ ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ያልዞረ ተረት ነገርኳቸው። ልጆቹም በፈንታቸው አማርኛ መማር ከጀመሩበት መጽሐፍ ላይ እየጠቆሙ የጠፋኝን አማርኛ ያስጠኑኛል። ይኸው እስካሁን በሳምንት ሁለት ቀን አልቀርም። ስቀር ይጠይቁኛልና። በስተርጅና «ለምን ቀረህ?» የሚል ሰው ያለው ሰው ሀብታም ነው።

እንደኔው ለገጠማችሁ የምለው ብዙ አይደለም። አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲሰበር ምች ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። የግፊት ኪኒን የተሻላችሁ ሲመስላችሁ አታቋርጡ፤ እኔ አንዴ አቋርጬ ተመልሼ ልወድቅ ነበር። አስታማሚዎች ደግሞ፣ በሽተኛችሁ የሚያጉረመርም ሲመስላችሁ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ለራሳችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ሳይኖር አታርጁ። ቢዘገይም ይገኛል፤ እኔ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው ያገኘሁት። ስህተቱን በሰው ፊት ላመነው ለዚያ ወጣት ሐኪም፣ በማንኪያ ላጠጣችኝ ነርስ፣ ለአስካለ፣ ከሁሉም በላይ ለተዋበች እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፤ የፊደል ስህተት ብታገኙ እለፉት።

ተዋበችም ካፊኖኖ ጀምራለች። ማታ ማታ ኪኒኔን በአንድ እጇ፣ ብርጭቆውን በሌላው ይዛ ትመጣና «አጮ» ትለኛለች። ጮን በጣም አጥብቃ፣ ልክ እንደ እጮኛ አድርጋ ነው የምትለው። ስህተት ነው። አላርማትም፤ ተቀብያት እጠጣለሁ።