ጢሙ ደረቱ ውስጥ የሚገባው ንጉሥ

ነገሩ በጠቅላላ የፈጀብኝ አንድ ጌም ማሽን፣ ሁለት ማራገቢያ፣ አንድ የዓርብ ከሰዓትና ከካምፓላ ዕቃ ይልክልኝ ከነበረው ሰው ጋር የነበረኝ ወዳጅነት ነው። ወዳጅነቱ ብዙም አላሳዘነኝም። ማራገቢያዎቹ ግን አዲስ ነበሩ።

ጁባ፣ ካስተም ገበያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ሶላር፣ ባትሪ፣ ቴሌቪዥን፣ ገመድ፤ ከኡጋንዳ የመጣ መኪና ያራገፈልኝን ሁሉ። የተማርኩት መርካቶ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ማለቴ አይደለም። ጨርቅ ተራ ጣቃ ስዘረጋና ስጠቀልል ነው ጢም ያበቀልኩት። እዚያ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ጨርቅ ላይ እንከን ስታይ መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እወቅ፣ ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ታወራለህ።

አንድ ጊዜ ሦስት ያገለገሉ ጌም ማሽኖች መጡልኝ። ስለ ጌም የማውቀው ነገር አልነበረም። ሰካኋቸው፣ መብራታቸው በራ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሥዕል መጣ፣ ነቀልኳቸው። አምፖል ሲሸጥ የኖረ ሰው ሁሉን ነገር እንደ አምፖል ነው የሚፈትሸው። ሦስተኛው ማሽን ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያገለገለ ዕቃ ሳሙና ሲሸትህ ምን ለመደበቅ እንደታጠበ ማሰብ እንዳለብህ መርካቶ አስተምራኝ ነበር። አላሰብኩም።

ሦስቱንም የገዛችኝ ኮር ዊሊያም ሰፈር ምግብ ቤት ያላት የጎጃም ሴት ናት። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ቦዳ ነጂዎች ናቸው፤ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሱት። በልተው ቶሎ ይሄዱባታል። ስለዚህ የእቁብ ዕጣዋ ሲወጣ ብሩን በሙሉ አንድ ነገር ላይ አፈሰሰችው፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ጌም ቤት አደረገቻት። ይጫወታሉ፣ ይቆያሉ፣ ሲቆዩ ይጠማቸዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እኔ ራሴ አመሰገንኳት፤ ሻጩ ስለሆንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት በቦዳ መጣች፤ ሦስተኛውን ማሽን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

«ሰላም አለይኩም» አለችኝ። ክርስቲያኗ በእኔ ሰላምታ ስትቀድመኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ምን ሆነ?»

«የሸጥክልኝ ማሽን ታሟል።»

«ምኑን አመመው?»

«ንጉሡ ጢሙ ደረቱ ውስጥ ይገባል።»

ጎረቤቶቼ ሥራቸውን ትተው ቀረብ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጂዎቹ የሚወዱት አንድ ጨዋታ አለ፤ ሲዲው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚጫወቱት በዚያ ማሽን ነው። አባቱን በክህደት ገድሎ ሌላ የነገሠበት የንጉሥ ልጅ በፈረስ እየዞረ ዙፋኑን ይፈልጋል። ጨዋታው መሐል መሐል ላይ ቆም ይልና ፊልም ይሆናል። ማንም አይነካውም፤ ሰዎቹ በራሳቸው ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይካካዳሉ። እንከኑ ያለው እዚያ ላይ ነው። ንጉሡ ሲስቅ ጢሙ የብረት ልብሱን ሰንጥቆ ደረቱ ውስጥ ይገባል። የንግሥቲቱ ጸጉር ትከሻዋ ውስጥ ይጠፋል። የወታደሮቹ እግር ጭቃ በሌለበት ድንጋይ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰጥማል። የጁባ ቦዳ ነጂ ደግሞ እንከን አይቶ ዝም የሚል ፍጡር አይደለም። «ጢሙ ገብቷል፤ ግማሽ ዋጋ» ይላል። አንዱ ጭራሽ አራት ወታደር ሰጠመብኝ ብሎ በነፃ ተጫውቶ ሄዷል።

«ሠሪው ነው እኮ እንዲህ አድርጎ የሠራው» አልኳት።

«ሠሪው ጢም ያለው ሰው አይቶ አያውቅም?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ነው እልሻለሁ።»

«የመጀመሪያውን መቼ አየኸው? አብርተህ አጥፍተህ አይደል የሸጥክልኝ?»

ጎረቤቶቼ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነት ነዋ።

እዚህ አገር እኛ ነጋዴዎች ስንጣላ ቢሮ አንሄድም። ቢሮ የራሱ ዋጋ አለው። ሁለታችን አንዳንድ ሽማግሌ እንመርጣለን። እኔ በጅምላ ዱቄት የሚሸጡትን ሐጂ መረጥኩ። እሷ ወደቡ አጠገብ ሆቴል ያላቸውን ጋሼን መረጠች። ዳኛ ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ሐሳብ ባይኖረው ጥሩ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ጌም የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ሙቀቱ ዱቄት ያበስላል። ሐጂ ሶፋው ላይ፣ ጋሼ ብዕርና ወረቀት ይዘው ወንበር ላይ። ጨዋታውን እስከ ፊልሙ የሚያደርስልን አንድ ቦዳ ነጂ ጆይስቲኩን ያዘ።

«ይሄ ማነው?» አሉ ሐጂ።

«ንጉሡ ነው ሐጂ።»

«ጨዋ ሰው ይመስላል።»

ንጉሡ ሳቀ።

«አስተግፊሩላህ! ጢሙ ገባ!»

«አላልኩም?» አለች ሴትዮዋ።

ያኔ ነው ተነሥቼ የተናገርኩት። ጨርቅ ላይ አበባ የሚያትመው የሚሽከረከር ጥቅል ብረት ነው አልኩ። ብረቱ የተሸረፈ ከሆነ እንከኑ በየክንዱ ልክ እዚያው ቦታ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ያ የፋብሪካው ነው። መንገድ ላይ ውኃ የነካው፣ አይጥ የበላው፣ ገመድ የበጠሰው ግን ቦታ አይመርጥም። «ስለዚህ ሦስት ጊዜ እንየው። እንከኑ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ከመጣ የሠሪው ነው። ቦታ ከቀየረ የማሽኑ ነው። የማሽኑ ከሆነ የእኔ ነው።»

«ቃልህ ነው?» አሉ ጋሼ።

«ቃሌ ነው።»

በለፈለፉ ይጠፉ የሚባለው ለሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሰባት እንከን ቆጠርን። ጋሼ አንድ በአንድ ጻፉ፦ ጢም፣ ጸጉር፣ እግር፣ እጅ ሳይነካው አየር ላይ የቆመ ጽዋ፣ ከሞተ በኋላ ዓይኑን የሚያርገበግብ ዘበኛ፣ ባለቤቱ ከተቀመጠ በኋላ ደረጃ የሚወጣ ጥላ፣ በተዘጋ በር የሚያልፍ ጎራዴ። በሁለተኛው ሰባቱም እዚያው መጡ። ነጂው «ተማም!» እያለ ይስቃል፤ ልክ ነው ማለቱ ነው።

በሦስተኛው ንግሥቲቱ ልጇን የምትሰናበትበት ላይ ስንደርስ ሐጂ ዳኛ መሆናቸውን ረስተዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጋሼ ብዕሩን አስቀምጠዋል። ሴትዮዋ የምታየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የሽማግሌዎቹን ፊት ነው። ነጂው ስልኩን ይነካካል። ሥዕሉን የማየው ዕቃውን የሸጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ አንዲት አረንጓዴ አራት ማዕዘን ብቅ አለች። ምስር ታክላለች። ጠፋች። ከዚያ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ወጣች። በፊተኞቹ ሁለት ጊዜያት አልነበረችም።

ፊልሙ አለቀ። ጋሼ ወረቀታቸውን አዩ፣ ሐጂን አዩ።

«ሰባቱም እዚያው ናቸው» አሉ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የሠሪው ነው። ማሽኑ ጤነኛ ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲህ ካላችሁ አላችሁ» ብላ ምሳ ልታመጣ ወጣች። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ፣ ሌላ ሽማግሌ ብትጠራ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ ስለሆነ ምሳው የጾም ነው። ለእኛ ደግሞ ዓርብ መልካም ቀን ነው፤ የማን ሥጋ በማን ቢላ የሚል ጥያቄ ሳይነሣ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ የሚበላበት። ሽሮ አመጣች፣ ጎመን፣ መሐል ላይ ምስር ወጥ። ምስሩን አየሁት። እንጀራ ቆረስኩ፣ ጠቀለልኩ፣ እጄ ላይ ቀረ።

ቀጥሎ ላደረግሁት ነገር በኋላ ምክንያት ፈልጌለታለሁ። ነጂዎቹ ሳምንት ሳይሞላ አረንጓዴዋን ያዩዋታል። ያኔ ካስተም ገበያ ከሁለት አንዱን ይላል፤ ወይ አይቶ ዝም አለ፣ ወይ ዓይን የለውም። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አልወሰንኩም። ያን ሰዓት ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ምስሩን ወደ እኔ በኩል ስትጨምር ነው የሆነው።

«አንዴ ደግሞ እንየው» አልኩ።

«ምኑን?» አሉ ሐጂ እየጎረሱ።

«ስንብቱን።»

«ተፈርዶልህ የለ እንዴ! ምስኪኗን ስንት ጊዜ ከልጇ ልትለያት ነው?»

«አንዴ ብቻ ሐጂ።»

ነጂው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጆይስቲኩን አነሣ። ማሽኑ ሳይጠፋ ቆይቶ ግሎ ነበር። ንግሥቲቱ ልጇን አቀፈች። አረንጓዴዋ መጣች። ሁለት ሆነች። ከዚያ የንግሥቲቱ ፊት በሙሉ አረንጓዴና ሮዝ የዳማ ገበታ ሆነ፤ ከገበታው ውስጥ ድምፅዋ ብቻ «ልጄ» ይላል። በጎኗ ንጉሡ ጢሙን እንደ ልማዱ ደረቱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

ጋሼ ወረቀታቸው ላይ ስምንተኛ ቁጥር ጻፉ።

ሰው እንደዚህ ካደረገ በኋላ ዝም ማለት ነበረበት። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኩ፤ «ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የማይታመም ማን አለ?»

«የጎኑ ማሽን የት ነው የዋለው?» አሉ ሐጂ።

«እዚሁ» አለች ሴትዮዋ፤ «ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው።»

«ሲዲውን ወደሱ አዙረው።»

ተዞረ። ሰባት እንከን፣ አንድም ሳይጎድል። አረንጓዴ የለም።

«ካላስ» አለ ነጂው፤ አለቀ ማለቱ ነው። ከእሱ ውሳኔ በላይ የሚጨመር አልነበረም።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው ያየኸው?»

«በሦስተኛው ላይ።»

«ፍርዱ ሳይሰጥ?»

«ሳይሰጥ።»

«እና ምሳ እስኪቀርብ ጠበቅክ?»

«አልጠበቅሁም፤ አልዋጥ አለኝ።»

እጄ ላይ የቀረውን ጉርሻ አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ነጋዴ ሲያፍር ዛሬ አየሁ። በል ጉረስ፣ በረደብህ።»

ፍርዱ ተገለበጠ። ማሽኑን በደህና ልቀይር። ሐጂ ጨመሩበት፦ «ቤቱ ሞቀ ብለህ ከሰሃል። እንግዲያው አቀዝቅዘው። ሁለት ማራገቢያ።» ከሁለቱ ሽማግሌዎች ሐጂን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቀጡኝም እሳቸው ናቸው።

ካምፓላ ደወልኩ። «እኔ ጋ ሲነሣ ጤነኛ ነበር» አለኝ ሰውዬው። «ሳሙና ይሸት ነበር» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ዝም እንዳለ ነው።

የጋሼ ወረቀት ጌም ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስምንተኛው ተሰርዞ ከላይ ተጻፈበት፦ «እነዚህ የሠሪው ናቸው። ዋጋ አይቀነስም።» ነጂው ከሥር በዓረብኛ ደገመው። በዚያ ሳምንት ግማሽ ዋጋ የከፈለ የለም። ነጂዎቹም እጅ አልሰጡም፤ ሌላ እንከን ፍለጋ ገቡ። አዲስ ያገኘ ሰው ዓርብ ያስመዘግባል፣ እኔ ሦስት ጊዜ አየዋለሁ፣ እፈርዳለሁ። አንዱ ፈረሰኛው ሲያለቅስ እንባው ከጆሮው ይወጣል ብሎ መጣ። እውነቱን ነው፤ የሠሪው። አንዱ ደግሞ መነኩሴው ስድስት ጣት አለው አለ። ቆጠርን። አምስት ነው። «እንደገና ቁጠር» አለኝ። ሰባት ሰው ሆነን ቆጠርን። ሙሉ ከፈለ።

እስካሁን ጨዋታውን አልችልም፣ እንከኖቹን ግን እወዳቸዋለሁ። ያ ጢም የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሲጀምረው እያንዳንዷን ክር ለይቶ ነበር፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ አለቃው መጥቶ ቆመበት። ያንን ሰው አውቀዋለሁ። በዒድ ዋዜማ አንገትጌውን አሳምሮ እጅጌውን አጣሞ የሚሰጥህ ልብስ ሰፊ ነው።

አሁን ማሽን ከመሸጤ በፊት ሱቄ በር ላይ አስቀምጬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አግለዋለሁ። የማሳየው ያንኑ ስንብት ነው። መንገደኛው ይቆማል፣ አውራጁ ጆንያውን ያሳርፋል፣ ሐጂ ከዱቄታቸው ወንበር ይዘው ይመጣሉ። «ልጁ ዙፋኑን አገኘ?» ይሉኛል በየጊዜው። አላውቅም፤ ነጂዎቹ እዚያ ደርሰው አያውቁም። ሐጂ ግን በየሳምንቱ ዓርብ እኔ ዘንድ ይመጡና አብረን ወደ ኮር ዊሊያም እንሄዳለን። ሴትዮዋ ትሪውን ታቀርባለች፣ ምስሩን ወደ እኔ በኩል ታበዛለች። «ያን ቀን አልዋጥ ያለህ ይሄው ነው፤ አስቤበት ነው» ትላለች።

ወጪ፦ አንድ ማሽን፣ ሁለት ማራገቢያ፣ አንድ የካምፓላ ወዳጅ። ገቢ፦ የዓርብ ምሳ። እስካሁን የፈረድኩት ሃያ አራት እንከን ነው። ሃያ ሦስቱ የሠሪው፣ አንዱ የእኔ።