በመስኮቴ ሥር የተተከለው የአበባ መደብ

መጀመሪያ የተሰማኝ ጥቁር ሰሌዳ ስጠርግ ነው። ክንዴን ወደ ላይ ስዘረጋ አከርካሪዬ ላይ አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበርና ከመቆም ብዛት ነው ብዬ ናቅሁት። ለወራት ማስታገሻ ዋጥሁ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄም ሰባት ቀን ተዘፈዘፍሁ። ከዚያ ማላብ መጣ። ቀሚሶቼ ሰፉኝ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ። ወደቅሁ። መነሣት አልቻልሁም።

ባሕር ዳር ተወስጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን አሳየኝ።

"የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው" አለ። "ሳንባዎ ንጹሕ ነው፤ ለሰው አያስተላልፉም። መድኃኒቱ ዓመት ይፈጃል። አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ።"

"በእግሬ እሄዳለሁ?"

"ተስፋ አለኝ። ቃል ግን አልገባልዎትም።"

ያስታመመችኝ ታናሽ እኅቴ ማሪቱ ናት። ከስድስት ዓመት የዐረብ አገር ሥራ በተመለሰች በሁለተኛው ወር እኔ ወደቅሁባት። አጠበችኝ፣ አገላበጠችኝ፣ አልጋዬን ከመስኮቱ አጠገብ አደረገችው። ከመስኮቱ ሥር የነበረው የእጣቢ መድፊያ የሆነ ጠባብ መሬት ነው። ሣሩን ውርጭ አቃጥሎታል። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳይ ልቤ ስለ ደከመ፣ ባለካሬ ደብተር አስመጥቼ ተኝቼ መንደፍ ጀመርሁ። የምፈልገው በየዓመቱ እንደገና የማይተከል፣ በየትኛውም ወር ግን ቢያንስ አንድ አበባ የማይጠፋበት መደብ ነበር።

ማሪቱ ንድፉን አይታ "ድንች ብንተክልበት አይሻልም፣ እትዬ?" አለችኝ።

"ድንችም ያብባል" አልኋት። ሳቀች። በዚያ ቤት ከታመምሁ ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ከኋላ ረጅሙን ሴት አኩሪ ለክረምት አደረግሁ። ከፊቱ ዳሊያ፤ በጋውን ሥሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ በዝናብ ይነሣል። ሁሉ ሲደርቅ ቀይ አበባውን የሚያወጣውን እሬት ወደ ድንጋዩ፣ ሰማያዊ የሚያብበውን የጥብስ ቅጠል ወደ ጥግ። ነጭ ጽጌረዳ መካከል ላይ። ግንቦት ባዶ ቀረብኝ። ማሪቱ ቆፈረች፤ እኔ ከመስኮት ሆኜ "ትንሽ ወደ ግራ!" እላለሁ።

ጥር ላይ የእግሬ ጣት ተንቀሳቀሰ። የካቲት ላይ በምርኩዝ ደጅ ወጣሁ። መጋቢት ላይ ሕመሙ ጠፋ።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን አልደብቅም። መድኃኒቱ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ድኛለሁ አልሁ። ክኒኖቹን ትራስ ውስጥ ደበቅሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን። የዳሊያውን ሥር ላዛውር ጎንበስ ስል ግራ እግሬ ደነዘዘ።

ክኒኖቹን ያገኘቻቸው ማሪቱ ናት፣ የትራስ ልብስ ስትቀይር። አልጮኸችም። "ስድስት ዓመት የሰው አልጋ ያነጠፍሁት አንቺን በሕይወት አገኛለሁ ብዬ ነበር" አለችና ውሃ አመጣችልኝ። ዋጥሁ። አለቀስሁ።

ሐኪሙ መድኃኒቱ ጎድቶት እንደሆነ ብሎ ጉበቴን አስመረመረ። ደኅና ነበር። "ማቅለሽለሹን ቢነግሩን መላ ነበረው" አለኝ። የምወስድበትን ሰዓት ቀየረልኝ፣ የመጨረሻውንም ቀን ገፋው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ያለ ነው፤ የግራ እግሬም ድንዛዜ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ለቀቀኝ። ሰኔ ሲገባ ሴት አኩሪው ከመስኮቱ በላይ አለፈ፤ ሐምሌ ላይ ግን ውሃ ተኝቶበት ግማሹ ዳሊያ ስለ በሰበሰ፣ ማሪቱ ድንጋይ ደርድራ መደቡን ከፍ አደረገችው፤ ከጉና ድንች የምታመጣልን ሴትዮም የግንቦትን ባዶነት ሰምታ፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚያብብ የደጋ አበባ ከነሥሩ ነቅላ "ይኸን ብርድ አይበግረውም" ብላ ሰጠችኝ። መድኃኒቱን ታኅሣሥ ላይ ጨረስሁ።

አሁን አስተምራለሁ። ጀርባዬ ትንሽ ጎብጧል፤ ከባድ ነገር አላነሣም። ለሐኪሜ፣ በየወሩ ክኒኑን ለቆጠረችልኝ ነርስ፣ ከሁሉ በላይ ለማሪቱ ምስጋናዬ አያልቅም።

የጀርባ ሕመም ከሳምንታት አልፎ ማላብና መክሳት ከታከለበት ማስታገሻ አትደራርቡ፤ ተመርመሩ። ክኒኑ ካስቸገራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ አትደብቁ። ድኛለሁ ያላችሁበትን ቀን አብልጣችሁ ፍሩ። ያን ቀን መድኃኒታችሁን ዋጡ፤ ከዚያ ደጅ ውጡ።