ድምፅን ቀድመው የሚናገሩት እህቴ

ታላቅ እህቴ ካረፉ አርባቸው ገና አልወጣም። ሰው ደግነታቸውን ያወራል፤ እኔ የማስታውሰው አንድ ልማዳቸውን ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው ጦርነት ካለበት አካባቢ ወደ ሳሊተ ምሕረት ቤታችን ከመጣች ወዲህ፣ ማንኛውም ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ይነግሯት ነበር።

«ልጄ፣ በሩን ልዘጋው ነው። ልጄ፣ በርበሬ ልወቅጥ ነው።»

«እትዬ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ከፈቱ እንዴ?» እላቸው ነበር።

«አንተ ሊቁ፣ ዝም በል። የሚያስፈራት ድንገት የሚመጣው ነው።»

ሊቅ ማለታቸው እውነት ነው። ከዚህ እስከ ጉርድ ሾላ ያልጠገንኩት ሬዲዮ የለም፤ እንግሊዝኛም ያለ አስተማሪ አውቄያለሁ። ስለ ልጆች ጭንቀት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼም ጨርሻለሁ።

እህቴ ያረፉ ዕለት ግን ለቅሶው ድንገት ሲፈነዳ ለልጅቷ ቀድሞ የነገራት አልነበረም። አልጋ ሥር ገባች። አሁንም ትንሽ ነገር ሲንኳኳ እዚያው ትገባለች፤ እህልም በቅጡ አትቀምስም። እኔ በእህቴ ፋንታ እናገራለሁ። ትናንት ጎረቤት ጣሪያ ሊያድስ ሲል፣ «ልጄ፣ ቆርቆሮ ሊመቱ ነው» አልኳት።

«አባባ፣» አለችኝ ከአልጋው ሥር፣ «እርስዎስ ሊሞቱ ሲሉ ይነግሩኛል?»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ እትዬ፣ «ልጄ፣ እጅሽን ልይዝ ነው» አልኳት። መዶሻው ሲጀምር እጇን ይዤ ነበር።