ገምባሌው መቼ ይፈታል?

ዛሬ ጠዋት ከጋሽ ገብሬ ፈረስ የፊት እግር ላይ የታሰረውን ገምባሌ ስፈታ፣ ጭቃውና ፀጉሩ አንድ ላይ ተልጠው መጡ። ሥሩ ቀይ ቁስል ነው።

ገምባሌውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የምሠራው ደካ በሚባል ቦታ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ፈረሱ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን የኋላ ኮቴው የፊት እግሩን እየመታ ያቆስለው ነበር። ስለዚህ ከሸራና ከስፖንጅ አሰፍተው መንገድ ሲወጡ እንዲያስሩለት ነገርኳቸው።

"ማታ ማታ አይፈቱለትም እንዴ?" አልኳቸው።

"ካሰርኩለት ወዲህ አልፈታሁትም። ብርድ ነው፣ ይሙቀው ብዬ። ስለማሰሩ ነገርሽኝ እንጂ ስለመፍታቱ መች ነገርሽኝ፣ ዶክተር?"

(ዶክተር አይደለሁም። እዚህ መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።)

እውነታቸውን ነው። እኔ ቦቲዬን አውልቄ ስለምተኛ ይሄም ይነገራል ብዬ አላሰብኩም።

ፈረስ ያላችሁ ስሙኝ። ገምባሌ የሚያስፈልገው እግሩን በእግሩ ለሚመታ ፈረስ ነው፤ ያውም ለመንገድ ብቻ። ቤት ሲደርስ ይፈታል፣ እግሩ ታጥቦ ይደርቃል። ጭቃ ይዞ ከዋለና ካደረ ገምባሌው ራሱ ያቆስላል።

ቁስሉ እስኪድን አይጫንም፣ አይጋለብም አልኳቸው። ባለቤታቸውን እትዬ አስቴርን ጤና ጣቢያ የሚያመላልሷቸው በዚሁ ፈረስ ነው። ልጓሙን ያዙ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ "ሌላስ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?" አሉኝ።

እናንተስ "ይሄማ ይታወቃል" ብላችሁ ሳትናገሩት የቀራችሁት ነገር ምን አመጣ? ጻፉልኝ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የመከርኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነው።