መጠጥ ያለ ቀን የማልውጠው ክኒን

ሕመሙ መመለሱን ያወቅኩት ዳጣ ሲያቃጥለኝ ነው። እኔ የተቀቀለ ጎደሬ ያለ ዳጣ የማልበላ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የመጀመሪያው ጉርሻ አስጮኸኝ። ውኃ ጠጣሁ። ውኃውም አመመኝ። ባለቤቴ አማረች አፌን አስከፍታ በስልኳ መብራት አየችው። ምላሴና ላንቃዬ ነጭ ለብሷል። ሁለታችንም ገብቶናል።

ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅኩ ዓመታት አልፈዋል። አማረች ግን ነፃ ናት፤ ከመጋባታችን በፊት ነግሬያት፣ አስባበት፣ ዓይኔን እያየች እሺ ያለችኝ ሴት ናት። መድኃኒቱን ጀምሬ ሰውነቴ ከተመለሰ በኋላ ልጅ አማረን። ስለ ልጁ ሐኪም ልናማክር እየተዘጋጀን ሳለ ነው ይህ ነጭ ነገር የመጣው።

ሚዛን ሆስፒታል ሄድን። ለአፌ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ለቫይራል ሎድ፣ በደሜ ያለውን የቫይረስ ብዛት ለሚያሳየው ምርመራም፣ ደም ተወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ሳያለሳልስ ነገረን።

«ቫይራል ሎድህ ከፍ ብሏል። ቫይረሱ እየተራባ ነው። የልጁን ነገር ለጊዜው እናቆየው፤ እስከዚያው ኮንዶም አይለያችሁ።»

አማረች ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። እኔ ወለሉን አየሁ። ልጁ ቀረ ብዬ አሰብኩ።

ሐኪሙ ወደ ምክር ክፍሉ ላከኝ። እዚያ የተቀበሉኝ ሲስተር ወርቄ ናቸው፤ ሲቆጡም የሚስቁ የሚመስሉ፣ ጠና ያሉ ነርስ።

«መድኃኒትህን ትውጣለህ?» አሉኝ።

«እውጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ፤ መጠጥ ካለበት ቀን በስተቀር።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና አዩኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። እኛ አካባቢ መድኃኒቱን የምንወስድ ወንዶች እንተዋወቃለን፤ ተራ ስንጠብቅ ነው የተዋወቅነው። ተራ ስንጠብቅ ደግሞ እርስ በርስ መመካከር እንወዳለን። ክኒንና አረቄ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ጉበት ይበጠሳል ተባባልን፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ሁላችንም ግን አመንን። ስለዚህ የጠጣን ቀን ክኒኑን እንተዋለን። ጥንቃቄ መስሎን ነው እኮ! እኔማ ክኒኑን በዘለልኩ ቁጥር ለጤናው የሚጨነቅ ሰው ሆንኩ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምተኛው። ችግሩ፣ በቡና ለቀማ ወራት መጠጥ የሌለበት ቀን የለም።

«ስማኝ በላቸው፣» አሉ ሲስተር፤ «ጠጥተህም ቢሆን ዋጠው። ስታጎድል ደስ የሚለው ቫይረሱን ነው። መጠጡን ደግሞ አብረን እንቀንሰዋለን፤ ጉበትህም ያርፋል፣ አንተም ሰዓትህን አትረሳም።»

ከዛሬ ጀምሮ እርግፍ አድርጌ ልተወው ስል ግን ከለከሉኝ። ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሲብስም ሊጥለው ይችላልና በክትትል ቀስ እያሉ መቀነስ ነው አሉ።

ይሄን ሁሉ እሺ አልኩ። ከዚያ ዋናው ጭንቀቴ መጣ። «ሲስተር፣ ደቦውንስ ምን ላድርገው?»

ቡና ሲቀላ ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ የእኔን፣ ነገ የሌላውን ይለቅማል። ባለማሳው ቦርዴና አረቄ ያቀርባል፤ አቅርቦ ግን ዞር አይልም፣ አብሮ ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ያልጠጣ ባለማሳ ንቆናል ይባላል። የተናቀ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው አይመጣም፤ ቡናው ዛፉ ላይ ደርቆ ይረግፋል።

ሲስተር ጠየቁኝ፤ «ከመካከላችሁ የማይጠጣ የለም?»

«ሐጂ ከድር አሉ። ከጅማ የመጡ ጎረቤታችን ናቸው።»

«እሳቸው በደቦው ምን ይጠጣሉ?»

«ጨሞ።» ጨሞ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፤ እኛ ጋ በየቤቱ አለ።

«ታዲያ ሰው ተቀይሟቸው ያውቃል?»

ስንት ዓመት አጠገባቸው ቡና ለቅሜያለሁ! ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። የእሳቸው ደቦ ሲሆን እንዲያውም የሚቀር ሰው የለም።

«በል ጨሞውን አንተ ጠጣ፤ ቦርዴውን ደግሞ አንተው ቅዳ፣» አሉኝ ሲስተር። «እጁ ሥራ የያዘን ሰው ማንም ጠጣ ብሎ አይለምነውም።»

ስቀንስ ስቀንስ ከርሜ የእኔ ደቦ ደረሰ። ከእንስራው አጠገብ ቆምኩ። ከሁሉም የፈራሁት ዘውዴን ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ አፉ ግን ማንንም አይምርም። የያዝኩትን ጨሞ አየና፣ «በላቸው፣ መቼ ነው የሰለምከው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ ከድር ቀደሙኝ፤

«ተወው አቦ! ብቻዬን ጨሞ መጠጣት ቢሰለቸኝ ጊዜ እኔ ነኝ የጠራሁት።»

በቃ። ለስንት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር በዚህች አለቀች። ዘውዴ ቅሉን ዘረጋ፣ ቀዳሁለት።

ያን ቀን ያልጠበቅኩት ደስታም አገኘሁ። ዘውዴ ስለ ጦጣዎችና ስለ አማቱ በቆሎ የሚያወራት ወሬ አለች፤ በየዓመቱ ያወራታል፣ በየዓመቱ እስቃለሁ። መጨረሻዋን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እሷ ሳታልቅ እኔ አልቄ እገኛለሁ። የዚያን ቀን እስከ መጨረሻው ሰማኋት። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

ሁሉም ነገር እንዲህ ቀና ነበር አልላችሁም። ሸኮ ወረዳ ሰርግ ተጠርቼ ጠጁን አልቻልኩትም፤ ጠጣሁ። ክኒኔን ግን አማረች ኪሴ ውስጥ ከታልኝ ስለነበር ሞቅ ብሎኝም ዋጥኳት። ለሲስተር ፈራ ተባ እያልኩ ስነግራቸው፣ «ክኒኑን ከዋጥክ ተምረሃል ማለት ነው። በል ወደ ጨሞህ ተመለስ፣» አሉኝ።

አፌ ከዳነ፣ ዳጣዬንም እንደ ልቤ መብላት ከጀመርኩ ቆይቷል፤ ዝናቡ ጥሎ ቡናው ሲያብብ፣ መንደሩ ሁሉ በዚያ ነጭ አበባ ሽታ ሲታወድ፣ እኔ ጠዋት ራሴን ሳያመኝ ተነሥቼ ከአማረች ጋር ማሳ ስወርድ፣ ሱሪዬ በቀበቶ ኃይል ሳይሆን በራሴ ወገብ መቆም ሲጀምር፣ ጎረቤቶቼ «ምን አግኝተህ ነው እንዲህ ያማረብህ?» እያሉ ሲያስቆሙኝ፣ ጤና ማለት ለካ ይሄ ነው አልኩ።

የቫይራል ሎድ ውጤቴን ሐኪሙ አየና ፈገግ አለ።

«ቫይረሱ አሁን በምርመራ አይታይም፣» አለ። «ጠፋ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱን ከተውክ ይመለሳል። እንዲህ ተጨቁኖ እስከቆየ ድረስ ግን በግንኙነት ወደ አማረች አይተላለፍም።»

ሌላ ጊዜ ተመርምሬ ውጤቱ ያው ሲሆን፣ «በሉ እንግዲህ፣ ልጃችሁን ውለዱ፣» አለን። አማረች እዚያው እልል አለች። ደጅ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ምን እንደተገኘ ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሏት። ኮሪደሩ የሰርግ ቤት መሰለ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ሲስተር ወርቄን፣ ሐኪሙን፣ ሐጂ ከድርን አመሰግናለሁ። አማረችን በምን ቃል እንደማመሰግናት አላውቅም።

እንደ እኔ መድኃኒቱን የምትወስዱና መጠጥ የምትወዱ ወንድሞቼ፣ የጠጣችሁ ቀንም ክኒኑን አትዝለሉ። ምን ያህል እንደምትጠጡ ለነርሷ ሳትቀንሱ ንገሯት፤ የምትቀንሱት መጠጡን ነው። ብቻችሁን በአንድ ቀን ለማቆም አትሞክሩ። ሰው ይቀየመኛል ብላችሁም አትፍሩ፤ ሰው እናንተን ነው የሚፈልገው።

ልጃችን ስምረት ተወልዳለች። እሷም እናቷም ተመርምረው ነፃ ናቸው። ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አማረች ገበያ ሄዳለች። ስምረት ነቅታ እየተጣራች ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ፤ ገንፎዋን የማጎርሳት እኔ ነኝ።