ወሬ ቀረ

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ከሁለት ቋንቋ ሆነን ነው፤ የኖርነው ግን በሦስተኛው ነው። እሷ አፏን የፈታችው በሲዳምኛ፣ እኔ በወላይትኛ። አዋሳ ላይ ተገናኝተን የተግባባነው ሁለታችንም ከየመንገዱ በለቃቀምነው አማርኛ ነበር። እሷ ከትምህርት ቤት ለቀመች፣ እኔ ከደንበኞቼ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ማለቴ ነበርኩ፤ አሁን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጆሮውን የሚወድ ሰው ወደ እኔ አይመጣም።

ጊዜው ደርግ ነው። ከገበያው ጀርባ አንዲት መስታወት፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበርና አንድ ምላስ ነበረኝ፤ ከሦስቱ ብዙ የሠራው ምላሴ ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ታሰረ፣ የማን ልጅ በሞያሌ በኩል ተሻገረ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይገኛል። የማላውቀውንም ከራሴ ጨምሬ አወራለሁ፤ ፀጉር እየቆረጡ ዝም ማለት በግ መሸለት ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ «ይህ አፍህ አንድ ቀን ያስበላናል» ትለኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህ የምነግራችሁ ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት ባለቤቴ አርግዛ ነበር። ደስታው አላስችል ብሎኝ ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ነገርኩ። ገና ሳይታይ ወረደባት። ያልሰማው ሰው ግን እየመጣ «እንዴት ናት ነፍሰ ጡሯ?» ይለኛል፤ መንገድ ላይም እሷኑ ያቆማታል። ከዚያ ወዲህ «እርግዝና» የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ። እሷ አትጠራውም፣ እኔም አልጠራውም።

እና አንድ ጠዋት ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመች። ዓይኔን ሳታይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወሬ ቀረ» አለችኝ።

አማርኛ እንደኛ ዓይነቱን እንግዳ መሳቂያ ማድረግ ይወዳል። ወሬ ማለት ሰው የሚያወራው ነው። ወሬ ማለት ደግሞ «የእኔ ወር» ነው፤ ሴት ስትለው በየወሩ የሚመጣባት። ሁለቱን በጆሮ መለየት አይቻልም። አፈኛ ፀጉር አስተካካይ በዚያ ዘመን የቱን እንደሚሰማ ለእናንተ ትቻለሁ።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሆነ ነገር ሰምታ ነው ብዬ አሰብኩ። «ደግ ነው፣ ይቅር» አልኳት። «ቢቀር ለሁላችንም ይሻላል።»

ፊቷ በራ። «እስኪጸና ለማንም እንዳትናገር።»

«ወሬ ከቀረ ለማን እናገራለሁ?»

ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ ሸኘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታዛዥ ባል ሆኜ አላውቅም።

ሱቅ ገብቼ አፌን ዘጋሁ። አንድ የስልጤ ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ ነበረኝ፤ ፀጉሩ ቢመለጥም ለወሬው ሲል ይመጣል። ተቀምጦ ጠበቀ፣ ጠበቀና «አንተ ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ።

«ወሬ ቀርቷል፣ ጋሼ።»

«ማነው ያስቀረው?»

«ከላይ ነው የመጣው» አልኩት። ከላይ ያልኩት ባለቤቴን ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና እስክጨርስ ድረስ ስለ ዝናብ ብቻ አወራ። በሳምንቱ ወንበሬ ባዶውን መሽከርከር ጀመረ። ለካ ገበያው «ይሄ ሰውዬ ዝም ያለው ለአንድ ወገን ጆሮ ሆኖ ነው» ይለኝ ኖሯል።

ቤት ደግሞ የባሰ ነው። ባለቤቴ ከእኔ ጋር በምን እንደተጣላች አላውቅም። በር ስከፍት አፍንጫዋን ይዛ «እዚያው ታጠብ» ትለኛለች፤ ለደንበኞች የምቀባው ሽቶ ሆዷን ያገለብጠዋል። ያስመልሳታል። ጠዋት ብቻ ቢሆን እሺ፤ ማታም፣ ምሳ ላይም። ከሐይቁ ዳር እየተሻማን የምንገዛው ዓሣ ስሙ ሲነሳ ትወጣለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቅልፍ ይጥላታል፤ አንዴማ ጸሎቷን ጀምራ «አሜን» ሳትል አንቀላፋች፤ ጨረስኩላት። ጭልፋ ወደቀ ብላ አለቀሰች፣ አልቅሳ ስትጨርስ ደግሞ በጭልፋው ሳቀች። የዘይቱን ፍሬ አማረኝ ትላለች፤ የበሰለ ሳመጣ «ጥሬውን ነው እንጂ» ብላ ፊቷን ታዞራለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አታውቅም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አልኩ። ወንድ ግራ ሲገባው የሚለው ይህን ነው።

«አንተ ዝም ብለህ ስትሸከመኝ ሳይ ይገርመኛል» አለች። ቀጥላም፣ «ብቻ ወሬ ተመልሶ እንዳይመጣ እፈራለሁ።»

«እኔ እያለሁ አይመጣም።»

«ይሄ በአንተ እጅ ነው እንዴ?»

«በእጄ ሳይሆን በአፌ ነው። አፌን ዘግቻለሁ።»

እጄን ይዛ ሳመችው። ጾም ጸሎት የያዝኩላት መስሏት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ግን በቃ ይህች ሴት ታማለች ብዬ ለብቻዬ ደመደምኩ። በሽታውን ነው ያላወቅኩት።

የሆነው ሁሉ የሆነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጢሙን ሊላጭ በመጣ ቀን ነው። ግማሹን ላጭቼ ግማሹ በሳሙና አረፋ ውስጥ እያለ ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ በሩ ላይ ደረሱ። ሊቀመንበሩን ሲያዩ አፈሩ።

«አንተ ልጅ፣ ቶሎ ና» አሉኝ። «ሚስትህ ‹ወሬ መጣ በዪው› ብላኛለች።»

ከእኔ በፊት ሊቀመንበሩ ዞረ። «ምን ወሬ?»

«ኧረ የርስዎ አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ወሬ የግል የለውም፣ እትዬ። ከየት ነው የመጣው?»

«ከየት ይመጣል? ከቤት ነዋ።»

«ያመጣው ማነው?»

«ራሱ ነው የመጣው።»

«ወሬ በራሱ አይመጣም። የሚያመጣው ሰው አለ።»

ሴትዮዋ ተጨነቁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ወሯ ነው፣ አንተ ደንቆሮ። ቀርቶ የነበረው። ደም አየች፤ የፀነሰችው እንዳይወርድ ሮጥ በል» አሉኝ።

አባት ልሆን መሆኑን የሰማሁት እንዲህ ነው። መሆኔንና ምናልባት አለመሆኔን በአንድ ትንፋሽ። ሽቶው፣ ዓሣው፣ ጭልፋው፣ ጥሬው ዘይቱን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ምላጩን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሊቀመንበሩን ከነአረፋው ትቼው እንደሄድኩ ትዝ ያለኝ ጋሪ ላይ ሆኜ ነው።

ወደ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነበር። ባለጋሪውን ቀስ በል እለዋለሁ፣ ወዲያው ቶሎ በል እለዋለሁ፤ ፈረሱ እንኳ ግራ ገባው። እሷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን?»

«መፀነስሽን ነዋ።»

«ወሬ ቀረ ስልህ፣ ቢቀር ለሁላችንም ይሻላል ብለህ መረቅከኝ አይደል?»

ምን እንደሰማሁ ነገርኳት። ስለ ሱቁ ዝምታ፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ሊቀመንበሩ ግማሽ ጢም። መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ ጀመራት፤ እንባዋ እየወረደ ሆዷን ጠበቅ አድርጋ «አታስቀኝ፣ እባክህ» አለች፤ «ብስቅ ይወርድብኛል።» እስክንደርስ ድረስ ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን መንገዱን አየን፤ የትኛው ፍርሃት የትኛው ሳቅ እንደሆነ አልለይም ነበር።

ነርሷ ጠና ያለች ሴት ነበረች። መርምራት ወጣችና ለብቻዬ አነጋገረችኝ።

«በእርግዝና መጀመሪያ ትንሽ ደም የሚታይበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ ወረደ ማለት አይደለም፤ አይወርድም ብዬም አልዋሽህም። ሚስትህ ትረፍ። ውኃ አትቅዳ። ደሙ ከበዛ ወይ ሆዷን ከቆረጣት ወዲያው አምጣት።»

«ማስመለሱስ?»

«ያለ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ። ምንም የማይረጋላት ከሆነ ግን ተመለሱ።»

«እንቅልፉስ? ለቅሶውስ?»

«እሱም ያለ ነው።»

«እኔን መጥላቷስ?»

ሽቶዬን አሸተተችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «እሱ ከእርግዝናው መሆኑን እንጃ» አለችኝ።

ያን ዕለት ሽቶውን ደፋሁት። ውኃውንም እኔ ቀዳሁ፤ ሰፈሩ ቢስቅም ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በመሀል መንገድ ሄድኩ። ሲነጋ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቅሁ።

«ወሬ አለ?» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። የዚያች ጓሮ በር እስኪከፈት የጠበቅሁትን ያህል ምንም ጠብቄ አላውቅም። ተመልሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ወሬ የለም።»

ሱቄን ስከፍት ሊቀመንበሩ በር ላይ ነው፤ ግማሽ ጢሙ እንዳለ። ተቀመጠ። አረፋውን ቀባሁት። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ዓይኔን እያየ፣ «ጓድ፣ ያ የትናንቱ ወሬ ከምን ደረሰ?» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወሬ የለም።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

«ዛሬ ጠዋት አጣርቻለሁ» አልኩት።

በማግሥቱም አጣራሁ፣ በማግሥቱም። ሆዷ ከቀሚሷ ቀድሞ በር እስኪገባ ድረስ ሳላጣራ ሱቅ የከፈትኩበት ቀን የለም።