የአማቴ እልልታና አንዲት ቁራጭ ጥጥ

የአማቴ እልልታ በቂርቆስ ሰፈር የታወቀ ነበር። ሙሽራ ሊወጣ ሲል «እሳቸው አልመጡም እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከመጡ የመኪናው ክላክስ ትርፍ ነው። ጥርሳቸው አንድ በአንድ ተነቅሎ አልቆ ላይም ታችም ሰው ሠራሽ ካስገቡ በኋላ ግን፣ አንድ የጎረቤት ሠርግ ላይ እልል ሲሉ የታችኛው ተፈናጥሮ ወጣና ፊት ለፊታቸው ያለው ሳህን ውስጥ፣ ቀይ ወጡ መሃል ገባ። «ማንም አላየም» ይላሉ እስከ ዛሬ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ያላየ ሰው ቢኖር ሙሽራው ብቻ ነው፣ እሱም ዓይኑ ከሙሽሪት ላይ አልነቀል ብሎ።

ከዚያ ወዲያ ሠርግ ላይ ማጨብጨብ ብቻ ሆነ።

እኔ ያኔ ካዛንቺስ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እሠራ ነበር። የገባሁት በጽዳት ነው። መሣሪያ ማጠብ፣ ከዚያ መቀቀል፣ ከዚያ ለሐኪሙ ማቀበል እያልኩ ሄጄ ሄጄ ኮምፒዩተሩ ጋ ደረስኩ። ያስተማረኝ የለም። ዶክተሩ ሲሠራ ከጀርባው ቆሜ አያለሁ፣ ያልገባኝን እንግሊዝኛ መዳፌ ላይ እጽፋለሁ፣ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ። ዶክተሩ በዕድሜ ታናሼ ነው። በሽተኛ ፊት «እርስዎ»፣ ሻይ ላይ «አንተ» እለዋለሁ።

በዚያ ሰሞን አዲስ አሠራር ይዞ መጣ። ጥርስ የሌለው ሰው መንጋጋ ውስጥ አራት ብሎን መሳይ ነገር፣ ማለቴ ኢምፕላንት፣ ይተከላል፤ አጥንቱ አጥብቆ እስኪይዘው ሦስት ወር ይጠበቅና ሰው ሠራሹ ጥርስ እንደ ልብስ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይገጠምበታል። ከዚያ በኋላ ቢያስነጥሱም ቢስቁም ንቅንቅ የለም። የት እንደሚተከል የሚወሰነው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሰውዬው ሰው ሠራሽ ጥርሱን አድርጎ፣ ጥርሱ ላይ ነጫጭ ምልክት ተለጥፎበት፣ ሲቲ ስካን ይነሳል። ከዚያ ጥርሱ ብቻውን ይነሳል። ኮምፒዩተሩ በምልክቶቹ ሁለቱን ያገጣጥምና፣ በጥርሱ ቅርጽ ልክ አራት ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ውጭ አገር ተሠርቶ ይመጣል። ጋይድ እንለዋለን። መሰርሰሪያው በቀዳዳው ገብቶ እስከታዘዘበት ድረስ ብቻ ይወርዳል። ጥርስ ያለው ሰው ቢሆን ጋይዱ ጥርሱ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ለሌለው ግን የሚያርፈው ድድ ላይ ነው። ዶክተሩ ሁሌ «የኛ ሥራ ልክ የሚሆነው ስካን ሲነሳ ጥርሱ ድዱ ላይ ልክ ከተቀመጠ ብቻ ነው» ይል ነበር።

የአማቴ የመጨረሻ ልጅ ልታገባ ቀን ተቆረጠ፤ ለዳግም ትንሣኤ። ይሄኔ ነው የታችኛውን እንዲያስተክሉ እሳቸውን የለመንኳቸው። አልተግደረደሩም። «እልል ልልበት ነው?» አሉ። «ይሉበታል» አልኩ። በቃ፣ በኅዳር ኦሎምፒያ ጋ ሄደው ስካኑን ተነሱ፣ ጋይዱ በታኅሣሥ መጣ። ቢሰላ ቢሰላ ለሠርጉ በደንብ ይደርሳል።

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸውና «እትዬ፣ ጥርሱን ያውጡልኝ» አልኳቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ባዶ አፋቸውን ባላቸው እንኳ አይቶት አያውቅም። ጥርሱን ሲሰጡኝ አንድ ርጥብ ነገር ጫማዬ ላይ ወደቀ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥጥ ነዋ! ጥጥ አታውቂም?»

«ከጥርሱ ስር ምን ይሠራል?»

«ይይዝልኛላ! ከዚያ ከቀይ ወጡ ቀን ጀምሮ ያለሷ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።»

«ስካን የተነሱ ለትስ? ነበረች?»

«እና ያ ስካን የሚያነሳው ጎረምሳ ፊት ይውደቅልሽ?»

ጥጧን በሁለት ጣቴ ይዤ ቆምኩ። ኮምፒዩተሩ ስለ ጥጥ ምን ያውቃል? ጥርሱ በጥጧ ልክ ከፍ ብሎ ነው የተነሳው። ጋይዱ ደግሞ ያለ ጥጥ ድዳቸው ላይ ይቀመጣል፤ ያምራል፣ አይነቃነቅም፣ ማንም አይጠረጥረውም። መሰርሰሪያው ግን ከታቀደው በጥጧ ውፍረት ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ከስር ነርቭ ያልፋል። እሱ ከተነካ የታችኛው ከንፈር ለዕድሜ ልክ ሊደነዝዝ ይችላል። ከንፈሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ እልል ይላል?

«ለዶክተሩ ልንገረው» አልኩ።

እጄን ያዙኝ። «እንዳታደርጊው! በኔ ሞት! ገመናዬን እንግዳ ፊት? ደግሞ እንደገና ከተጀመረ ሠርጉ ያመልጠኛል። ይቺ ጥጥ እኮ ናት፣ ትንሽ ጥጥ!»

«ትንሽ ናት እትዬ። ግን አጥንቱም ትንሽ ነው።»

«ምራቴ ነሽ ወይስ ደመኛዬ?»

እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩና ሄጄ ነገርኩት።

ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ ስካኑን ከፈተ። በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ያለችውን ግራጫ መስመር ሁለታችንም አየናት። ያኔ ሲያቅደው ከኋላው ቆሜ «የእትዬ ድድ ሲወፍር!» ብዬ ያደነቅኩት እኔው ነኝ፤ እሱም «መልካም ነው» ብሎ አልፏት ነበር። ጥጥ! ዶክተሩ እሳቸው ዘንድ ሄዶ በርጩማ ሳበና ቁጭ አለ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ከስሩ ምን እንዳለ ማየት ነበረብን። ዛሬ አንሠራም።»

እሳቸው እኔን እንጂ እሱን አላዩትም። ከዑራኤል ታክሲ ስንይዝ ጋቢና ገብተው በሩን ዘጉብኝ፤ እኔ ከኋላ። ከዚያ ሁለት ሳምንት በባሌ በኩል ነበር የምንነጋገረው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ «ለሚስትህ ወጡ ጨው አነሰው በላት» ይሉታል። እሱም ዞር ብሎ «ጨው አነሰው» ይለኛል። «ለእናትህ እጨምራለሁ በላቸው» እላለሁ።

ግን ለሁለተኛው ስካን ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። በር ላይ ቆም ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ የጥጧን ጥቅል አውጥተው እጄ ላይ ጣሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከክሊኒካችን ለስካን የሚላክ ሰው ሁሉ ጥርሱን አውጥቶ ስሩ ሳይታይ አይሄድም። ከአማቴ በኋላ ስንት ጥጥ፣ ስንት ሶፍት፣ አንዴማ የጨርቅ ቁራጭ አግኝቻለሁ። ሁሉም ወደ ግድግዳ ዞረው ነው የሚያወጡት።

አዲሱ ጋይድ ዘግይቶ በየካቲት መጨረሻ መጣ። አራቱም ተተከሉ። በኋላ ዶክተሩ የታቀደውንና የተተከለውን ምስል አደራርቦ አሳያቸው። ሦስቱ ልክ ናቸው፣ አንዷ ወደ ጎን የጤፍ ፍሬ ያህል ዘመም ብላለች። «ኮምፒዩተርም ይሳሳታል፣ እማማ። ይቺን ታህል እንደምንስት ስለምናውቅ አስቀድመን ከነርቩ እንርቃለን» አላቸው።

«ጤፍ ስነፋ ለኖርኩት ለኔ ነው የጤፍ ፍሬ የምታሳየኝ?» አሉና ሳቁ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ከኔም ጋር ታረቁ።

ቀኑ ግን ቀን ነው። ዳግም ትንሣኤ ሲደርስ ሦስት ወር አልሞላም፤ ጥርሱ አልተገጠመም፣ እንደድሮው ይንቀሳቀሳል። ጥጥ ደግሞ ቁስሉ ላይ ክልክል ነው። ሠርጉ ቤት ጥግ ይዘው፣ አፋቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ዞር እያልኩ አያቸዋለሁ፤ እጄን ባላስለቅቅ ኖሮ እያልኩ፣ ደግሞ እንኳን አስለቀቅኩ እያልኩ።

ሙሽሪት ልትወጣ ተነሳች። አንዲት አሮጊት «እሳቸው የታሉ?» አለች።

አማቴ ተነሱ። ወደ ግድግዳው ዞር አሉ፣ ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ተመልሰው ወደ ሰዉ ዞሩ። ሰው ሁሉ እያየ ሁለት ጣታቸውን ከተው የታችኛውን ጥርስ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት፤ ይሞቃል።

«ያዢ፣ እንዳትጥዪው!»

ከዚያ በባዶ ድዳቸው ያን እልልታ ለቀቁት። ሙሽሪት ከበሩ ተመልሳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሰው ሁሉ ተቀበለ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ብቻ በአዲሱ ቀሚሴ፣ አንድ እጄን ጨብጬ፣ ማጨብጨብ ሳልችል ቆሜያለሁ።